የስቴም ሴል መስመርን ከሌላ አገር ቤተ ሙከራ ጋር አብሮ ለማጥናት፦ ከፈቃድ ወረቀት እስከ ውጤት ማመሳከር

ሁለት ቤተ ሙከራዎች በቪዲዮ ስብሰባ ይስማማሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የቀዘቀዘ ሴል የያዙ ብልቃጦች ይላካሉ፤ ትንሽ ቆይቶ «ሴሎቹ አልተነሡም» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ሴሎቹ ቢተርፉ ደግሞ ከመንፈቅ በኋላ የሁለቱ ወገን ውጤት አይገጥምም፤ ማን ጋ እንደተበላሸም ማወቅ አይቻልም። የሁለቱም ምንጭ ባብዛኛው አንድ ነው፦ መጨረሻ መላክ የነበረበት ብልቃጥ መጀመሪያ ተልኳል።

ይህ መመሪያ የሰው ፕሉሪፖተንት ሴሎችን (ወደ ማንኛውም የሰውነት ሴል ዓይነት መለወጥ የሚችሉ ስቴም ሴሎችን) ለሚለዋወጡ ተመራማሪዎች ነው፤ ከሽል የተገኙትንም፣ ከቆዳ ወይም ከደም ሴል ተመልሰው የተሠሩትን አይፒኤስ ሴሎችም ይመለከታል። የሙቀት መጠኖቹ ሁሉ በሴልሺየስ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የለጋሹን የፈቃድ ቅጽ አንብቡ

ማጠቃለያውን ሳይሆን ለጋሹ የፈረመውን ቅጽ ራሱን አስመጡ። አምስት ነገር ፈልጉበት፦

1. ሴሎቹ ከአገር መውጣት ይችላሉ?
2. ሙሉ ጂኖም ማንበብ ተፈቅዷል?
3. የጂን መረጃው ለሌሎች ተመራማሪዎች ሊሰጥ ይችላል?
4. ለንግድ ሊውል ይችላል?
5. ለጋሹ ሐሳቡን ቢቀይር ምን ይደረጋል?

ቅጹ «በዚህ ተቋም ለሚካሄድ ጥናት ብቻ» የሚል ከሆነ እዚሁ ቁሙ። ያላችሁ ምርጫ ለጋሹን በሥነ ምግባር ኮሚቴው በኩል እንደገና ማስፈቀድ፣ አለዚያ የሴል መስመሩን (ከአንድ ለጋሽ ተገኝቶ በቤተ ሙከራ እየተባዛ የሚኖረውን የሴል ስብስብ) መቀየር ነው። የጥናት ጥያቄያችሁ ከአንድ በሽተኛ ጂን ጋር ካልተያያዘ ሁለተኛው ይሻላል። በሰፊው ለመሠራጨት ታስበው የተዘጋጁ መስመሮች አሉ፤ በጃክሰን ላብራቶሪ በኩል የሚገኘው ኬኦኤልኤፍ2.1ጄ እና በኮሪየል በኩል የሚገኘው ደብሊውቲሲ-11 ይጠቀሳሉ።

ቀጥሎ የተቀባዩን አገር ሕግ ጠይቁ። የእናንተ ኮሚቴ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ጀርመን ከሽል የተገኙ ሴሎች እንዲገቡ የምትፈቅደው ከግንቦት 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በፊት ለተሠሩ መስመሮች ብቻ ነው፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው የሮበርት ኮኽ ተቋም ነው። አይፒኤስ ሴሎችን ይህ ሕግ አይነካቸውም። ቻይና ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንቧ የሰው ጂን ናሙና ለሚያካትት የውጭ ትብብር የመንግሥት ፈቃድ ወይም ምዝገባ ትጠይቃለች። ጥናታችሁ ሽል መሰል ሞዴል ወይም የሰው ሴል የገባበት የእንስሳ ሽል ካለው፣ የዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ምርምር ማኅበር ያወጣውን መመሪያ የቅርብ ጊዜ እትም ከፍታችሁ ሥራችሁ በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ለዩ፤ ምድቡንም በሁለቱም ወገን ማመልከቻ ላይ በተመሳሳይ ቃል ጻፉት። አንዱ ኮሚቴ «ሞዴል»፣ ሌላው «ሽል» ብሎ ካነበበው ማመልከቻው ሲመላለስ ይከርማል።

ደረጃ 2፦ የናሙና ዝውውር ስምምነት

በቤተ ሙከራ ቋንቋ ኤምቲኤ የሚባለው ነው። ከሁሉም ሥራ ረጅሙን ጊዜ የሚበላው ይህ ስለሆነ፣ ቅጹን የጥናት ሐሳቡ በተስማማበት ሳምንት አስጀምሩ። የሚፈርመው ተመራማሪው ሳይሆን ተቋሙ የወከለው ሰው ነው፤ ፕሮፌሰር ብቻውን የፈረመበት ወረቀት ዋጋ የለውም።

በጽሑፍ መስፈር ያለባቸው፦

- የመስመሩ ሙሉ ስምና በሰው ፕሉሪፖተንት ስቴም ሴል መዝገብ ያለው መለያ። «የእኛ መቆጣጠሪያ መስመር» አይበቃም።
- ተቀባዩ ጂን ቆርጦ የሚሠራቸው አዳዲስ ክሎኖች የማን እንደሆኑ። ጠብ የሚነሣው ባብዛኛው እዚህ ነው።
- ለሦስተኛ ወገን መስጠት ይቻል እንደሆነ።
- ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ላኪው ረቂቁን ስንት ቀን ማየት እንደሚችል። 30 ቀን በቂ ነው፤ «እስኪስማማ ድረስ» የሚል ሐረግ አትቀበሉ።
- ጥናቱ ሲያልቅ ሴሎቹ ይመለሱ ወይስ ይወገዱ።

አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ። መስመሩን እናንተ ራሳችሁ ከሌላ ተቋም አግኝታችሁት ከሆነ፣ ያኔ የፈረማችሁት ስምምነት አሳልፋችሁ እንዳትሰጡ ከልክሎ ይሆናል። የገባበት የፍሎረሰንት ጂን ወይም የተሠራበት ዘዴ የፈቃድ ገደብ ካለውም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ተባባሪያችሁ በቀጥታ ከመጀመሪያው ባለቤት እንዲያዝ ማድረግ ነው፤ እንዲያውም የሴሎቹ ማንነት የበለጠ አስተማማኝ ይሆናል።

ድርድሩ ከተጓተተ ሁለቱም ተቋማት በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣውን ወጥ የናሙና ዝውውር ስምምነት ፈርመውት እንደሆነ ጠይቁ። ፈርመውት ከሆነ የቀረው አጭር የማስፈጸሚያ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ የጋራ ፕሮቶኮል ጻፉ

የሁለቱ ወገን ፕሮቶኮል «ያው አንድ ዓይነት ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። መስመር በመስመር አስተያዩት፤ በተለይ እነዚህን፦

*ሴንትሪፊዩጅ።* ፍጥነቱን በዙር ሳይሆን በጂ (የመሬት ስበት ስንት እጥፍ እንደሆነ) ጻፉ። 1,000 ዙር በደቂቃ ራዲየሱ 16 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሽን 179 ጂ ገደማ ሲሆን፣ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነው 112 ጂ ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ጋ ሴሎቹ በደንብ ይዘቅጣሉ፤ ሌላው ጋ ግማሾቹ ከላይ ካለው ፈሳሽ ጋር ተመጥጠው ይጣላሉ።

*ጥግግት።* «1 ለ 6 አካፍሉ» የሚለው በቂ አይደለም። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ሴል እንደሚዘራ፣ በምን እንደተቆጠረም ጻፉ። አውቶማቲክ ቆጣሪና በማይክሮስኮፕ የሚታይ መቁጠሪያ መስታወት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ በተለይ ሴሎቹ ያልተነጣጠሉ ከሆነ።

*ማትሪጄል።* ሴሎቹ እንዲጣበቁ ሳህኑ የሚለብሰው ይህ ነገር ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ ስለሆነ ከሎት ሎት (ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው) ይለያያል፤ የፕሮቲን መጠኑ በየሎቱ ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ መጠኑን በዚያ አስሉ። ከ10 ዲግሪ በላይ መርጋት ስለሚጀምር ፒፔቱንም ቱቦውንም አስቀድማችሁ አቀዝቅዙ። ከተቻለ አንድ ሎት ገዝታችሁ ለሁለት ተካፈሉ። ከእንስሳ የተገኘ ስለሆነ ጉምሩክ የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬት ሊጠይቅበት ይችላል፤ ስለዚህ አቅራቢው ያንኑ ሎት ለሁለቱም ወገን በቀጥታ እንዲልክ ጠይቁት።

*ኢንኩቤተር።* የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን ስክሪኑን ሳታምኑ በተለየ መለኪያ አረጋግጡ። ከባሕር ጠለል በጣም ከፍ ባለ ቦታ ያለ ቤተ ሙከራ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በ5 በመቶ እንኳ ሚዲየሙ ትንሽ ወደ አልካላይን ሊያደላ ይችላል። የሚዲየሙን ፒኤች ለኩና አስተካክሉ።

ከጽሑፉ ጋር የኮሎኒ (አብረው ያደጉ ሴሎች ክምችት) ፎቶዎች አያይዙ፦ ፓሴጅ ለማድረግ (ወደ አዲስ ሳህን ለመከፋፈል) የደረሰ፣ ያለፈበት፣ ጠርዙ መለወጥ የጀመረ። ኢዲቲኤ ስትጨምሩ ሴሎቹ እንዴት እንደሚላቀቁ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ከሦስት ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ የሚላከውን ባንክ አዘጋጁ

ከሚያድገው ሳህን ላይ ቀንሳችሁ አትላኩ። ባንክ (አብረው የቀዘቀዙ ተመሳሳይ ብልቃጦች ክምችት) ሥሩ፤ ባንኩን መርምሩ፤ ከዚያ ላኩ።

1. ሴሎቹ የሳህኑን ወለል ከ60 እስከ 80 በመቶ ሲሸፍኑ ያዟቸው። ከዚያ ካለፉ ከቅዝቃዜ በኋላ በደንብ አይነሡም። በዕለቱ ጠዋት ሚዲየም ቀይሩ።
2. በ0.5 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ ሁለት ጊዜ እጠቡ፤ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆዩ። ኮሎኒው መሰነጣጠቅ ሲጀምር ኢዲቲኤውን ምጠጡ። ሴሎቹ ተላቀው እስኪንሳፈፉ መጠበቅ ስሕተት ነው።
3. 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴልን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከል ፈሳሽ) ባለበት ቀዝቃዛ ማቀዝቀዣ ሚዲየም ቀስ ብላችሁ ሰብስቡ። ቁርጥራጮቹን አትሰባብሯቸው። ባለ 6 ጉድጓድ ሳህን ከሆነ የአንዱ ጉድጓድ ሴል ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለት ብልቃጥ ይሁን።
4. በደቂቃ 1 ዲግሪ በሚያበርድ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከዜሮ በታች 80 ውስጥ አሳድሩ።
5. በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ናይትሮጅን እንፋሎት አዛውሩ። በ80ው ፍሪጅ ለሳምንታት የተረሳ ብልቃጥ ለማንም አይላክም።

ቢያንስ አራት ብልቃጥ ለተባባሪው መድቡ፤ ሁለቱን በመጀመሪያው ዙር፣ ሁለቱን በሌላ ጊዜ ላኩ።

ከዚያው ባንክ አንድ ብልቃጥ አቅልጡና ማይኮፕላዝማ (ሴል የሚበክል ጥቃቅን ባክቴሪያ)፣ የኤስቲአር ማንነት ምርመራ (የዲኤንኤ አሻራ)፣ የክሮሞሶም ምርመራ እና ሴሉ ፕሉሪፖተንት መሆኑን የሚያሳዩትን የኦክት4፣ የናኖግና የትራ-1-60 ምልክቶችን አሠሩ። በተራው የክሮሞሶም ምርመራ ብቻ አትርኩ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከ38 ቤተ ሙከራዎች የመጡ መስመሮችን የመረመረው ዓለም አቀፍ ጥናት ከ20 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ 20ኪው11.21 የሚባለው የክሮሞሶም 20 ክፍል ተደግሞ አግኝቷል። ድግግሙ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ በሚታየው የባንድ ምርመራ ያመልጣል፤ ሴሎቹን ግን ከሞት የሚከላከል ጂን ስለሚያበዛ ቀስ በቀስ ሳህኑን ይቆጣጠሩታል። በፊሽ (ክሮሞሶሙን በሚያበራ ምልክት በማየት) ወይም በኪውፒሲአር (የዲኤንኤውን ቅጂ በመለካት) ለይታችሁ ፈልጉት። የተገኘበትን ባንክ አትላኩ፤ ወደ ቀደመ ፓሴጅ ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ ጭነቱ

ደረቅ በረዶ ርካሽ ነው፤ ለአህጉር ተሻጋሪ ጉዞ ግን አትምረጡት። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 78.5 ሲሆን በሴሉ ውስጥ የቀረው ውሃ እንደ ብርጭቆ ጸንቶ የሚቆመው ሙቀቱ ከዜሮ በታች 135 አካባቢ ወይም ከዚያ ሲወርድ ነው። በመሐሉ ባለው ሙቀት ጥቃቅኑ በረዶ እየተዋሐደ ያድጋል፤ ጉዞው በረዘመ ቁጥር የሚነሣው ሴል ይቀንሳል። ድራይ ሺፐር (በናይትሮጅን የሚቀዘቅዝ የጭነት ዕቃ) ተጠቀሙ፤ ናይትሮጅኑ በግድግዳው ውስጥ ተመጥጦ ስለሚቀመጥ የሚፈስ ነገር የለም።

1. ሺፐሩን በናይትሮጅን ሙሉት፤ እየተመጠጠ ሲጎድል ደጋግማችሁ ጨምሩ፤ ሙሉ ቀን ስጡት።
2. ያልተመጠጠውን ፈሳሽ አፍስሱት። ፈሳሽ የቀረበት ሺፐር አውሮፕላን ላይ አይወጣም።
3. ባዶውንና የተሞላውን መዝኑ፤ ክብደቱን ለተቀባዩ ጻፉ። ሲደርስ የጎደለው ክብደት ምን ያህል ናይትሮጅን እንደቀረ ይናገራል።
4. የሙቀት መዝጋቢ ከብልቃጦቹ ጎን አስገቡ።
5. «ቀጥ ብሎ ይቁም» የሚል ምልክት በአራቱም ጎን ለጥፉ። የተጋደመ ሺፐር የመቆያ ጊዜው በእጅጉ ያጥራል።
6. ሰኞ ላኩ፤ የተቀባዩን አገር በዓላት አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የጭነቱን ምድብ የባዮሴፍቲ ኃላፊያችሁ ይወስን። ምድብ ቢ (አነስተኛ አደጋ ያለው ተላላፊ ናሙና) ከተባለ ዩኤን 3373 የሚል ምልክት እና ባለ ሦስት ንብርብር ማሸጊያ ያስፈልጋል። ኢንቮይሱ ላይ «የሰው ሴል» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ «ለምርምር ብቻ የሚውል፣ ተላላፊ ያልሆነ፣ ለሽያጭ ያልቀረበ የሰው ሴል መስመር» ብላችሁ (ምድብ ቢ ከተባለ «ተላላፊ ያልሆነ» የሚለውን ትታችሁ) ለጉምሩክ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ዋጋ አስቀምጡ። ዜሮ ዋጋ የተጻፈበት ሰነድ ጭነቱን ያስይዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረቅ በረዶ የግድ ከሆነባችሁ አየር በማያስወጣ ዕቃ አትዝጉት፤ የሚወጣው ጋዝ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ዩኤን 1845 (የደረቅ በረዶ መለያ ቁጥር) እና የበረዶውን ክብደት በኪሎ ውጭ ላይ ጻፉ።

ጉምሩክ ጭነቱን ከያዘው የመጀመሪያው ስልክ ለጭነት ድርጅቱ ነው፤ ናይትሮጅን ይጨምሩ ዘንድ አስቀድማችሁ በውሉ አስገቡት። ናይትሮጅን የሚያመላልስ ድርጅት በጭራሽ ካልተገኘ፣ ሴሎቹን በሕይወት እንዳሉ በቲ25 ፍላስክ ዘርታችሁ ፍላስኩን እስከ አፉ በሚዲየም ሞልታችሁ መላክ ይቻላል፤ ይህ ግን ከአንድ ሁለት ቀን ላልበለጠ ጉዞ ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ መቀበልና ማቅለጥ

ሺፐሩ እንደደረሰ መዝኑት፤ የሙቀት መዝገቡን አውርዱ፤ ብልቃጦቹን ወደ ናይትሮጅን አዛውሩ። በዚያው ቀን ሁሉንም አታቅልጡ።

1. ሳህኑን በማትሪጄል ወይም በቪትሮኔክቲን አልብሱ፤ ማትሪጄል ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።
2. የፊት መከላከያ አድርጉ። ፈሳሽ ናይትሮጅን የገባበት ብልቃጥ ሲሞቅ ይፈነዳል።
3. ብልቃጡን በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይዛችሁ አወዛውዙ፤ የስንዴ ቅንጣት የምታህል በረዶ ስትቀር አውጡ። ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው።
4. ሴሎቹን አፉ ሰፊ በሆነ ፒፔት ወደ ቱቦ አዛውሩ፤ 10 ሚሊ ሊትር ሚዲየም ጠብታ በጠብታ፣ ቱቦውን እያወዛወዛችሁ ጨምሩ። ባንዴ ከደፋችሁት ዲኤምኤስኦ የያዘው ሴል ውሃ ስቦ ይፈነዳል።
5. በ200 ጂ ለ3 ደቂቃ አሽከርክሩ።
6. ዝቃጩን 10 ማይክሮ ሞላር ዋይ-27632 (የተነጣጠሉ ሴሎች እንዳይሞቱ የሚረዳ ኬሚካል) ባለበት 2 ሚሊ ሊትር ሚዲየም አንሡ፤ ሁሉንም በአንድ ጉድጓድ ዝሩ።
7. ሳህኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ። በክብ ካዞራችሁት ሴሎቹ መሐል ይከመራሉ።
8. በ24 ሰዓት ሚዲየሙን ዋይ-27632 በሌለበት ቀይሩ።

በማግስቱ ብዙ የሞተ ሴል ተንሳፍፎ ታያላችሁ፤ አትደንግጡ። ኮሎኒ እስከ አምስተኛው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ሳህኑን ከአሥር ቀን በፊት አትጣሉት። ጥቂት ኮሎኒ ብቻ ከተነሣ ወደ ብዙ ጉድጓድ አትበትኗቸው፤ አንዱን ወደ አንድ አሸጋግሩ። መጀመሪያ በላኪው ሚዲየም ብቻ አሳድጉ፤ ወደ ራሳችሁ መቀየር የግድ ከሆነ ሁለት ፓሴጅ ጠብቁ። አዲስ የመጣ መስመር የማይኮፕላዝማ ውጤቱ እስኪመጣ በተለየ ኢንኩቤተር ይቆይ፤ የላኪው ሰርተፊኬት ከዚህ አያድናችሁም።

ደረጃ 7፦ ማመሳከሪያ ሙከራ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህ ነው፤ ውድቀቱም ከዚህ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራ አምስት ቤተ ሙከራዎች ተመሳሳይ ሁለት አይፒኤስ መስመሮችን ወስደው የነርቭ ሴል ሠሩ፤ ትልቁ የልዩነት ምንጭ ሆኖ የተገኘው ቤተ ሙከራው ራሱ ነበር።

ስለዚህ ከዋናው ጥናት በፊት ሁለቱም ወገን በተለያየ ቀን የቀለጡ ብልቃጦች ተጠቅመው ያንኑ ዲፈረንሲዬሽን (ስቴም ሴሉን ወደሚፈለገው ሴል መለወጥ) ሦስት ጊዜ ለየብቻ ይሥሩ። የተቀባይነት መስፈርቱን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ለምሳሌ ከመጀመሩ በፊት 90 በመቶ ሴል ትራ-1-60 ያለው፣ በመጨረሻ የሚፈለገው ሴል ድርሻ በሁለቱ መካከል ከ15 ነጥብ በላይ የማይራራቅ። ከዚያ በፎርማሊን የተጠበቁ ናሙናዎችን ተለዋወጡና የሌላውን ናሙና ለኩ። ያንኑ ናሙና ሁለታችሁ ለክታችሁ ቁጥሩ ከተለያየ ችግሩ ያለው ሴሉ ሳይሆን መለኪያው ጋ ነው፦ አንቲቦዲው፣ ሳይቶሜትሩ (ሴሎችን አንድ በአንድ የሚለካው ማሽን) ወይም የመቁረጫ መስመሩ (ሴሉ ምልክቱ አለው የሚባልበት ድንበር)።

በተግባር ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አንድ ኬሚካል ላይ ይታያል። የልብ ጡንቻ ሴል ሲሠራ ቺር99021 የሚባለው የዊንት (ሴሉ ምን እንደሚሆን የሚመራ የምልክት መንገድ) ማነቃቂያ ይገባል፤ ትክክለኛው መጠን በመስመሩና በጥግግቱ ይወሰናል። ከመጠኑ ትንሽ ሲያንስ ሴሎቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ ሲበዛ በማግስቱ ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ከሌላው ወገን የመጣውን ቁጥር አትቅዱ። ባለ 12 ጉድጓድ ሳህን ውሰዱ፤ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ማይክሮ ሞላርን በሦስት ጥግግት ሞክሩ፤ የሚመታው ሴል በዝቶ የሚታይበትን ጉድጓድ ምረጡ። ሁለቱ ወገኖች የተለያየ መጠን ላይ ቢደርሱ ነውር የለበትም፤ ጻፉትና ከዚያ በኋላ አትቀይሩት።

ደረጃ 8፦ የሥራው አከፋፈል

የበሽተኞቹን መስመር አንድ አገር፣ የጤነኞቹን ሌላ አገር አታድርጉ። ያኔ የበሽታውን ውጤት ከቤተ ሙከራው ውጤት የሚለይ የስታቲስቲክስ ዘዴ የለም፤ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ባከነ ማለት ነው። ሁሉም መስመር በሁለቱም ቦታ ይኑር፤ በአንድ ሳህን ላይ ጤነኛውም በሽተኛውም አብረው ይዘሩ። ብልቃጦቹ በኮድ ይጠሩ፤ ኮዱን የሚያውቀው ሴሎቹን የማይነካ ሰው ይሁን። በአንድ ሳህን ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ድግግሞሽ አይባሉም። ድግግሞሽ የሚባለው በሌላ ቀን፣ ከሌላ ብልቃጥ የተጀመረ ነው።

ደረጃ 9፦ መረጃና ስም

ቀን ሲጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፤ «04/05» አንዱ አገር ሚያዝያ፣ ሌላው ግንቦት ነው። የጂን ስሞችን በኤክሴል አትክፈቱ፤ ሴፕት1 እና ማርች1 ወደ ቀን እየተቀየሩ ብዙ ሠንጠረዥ ስላበላሹ በ2020 እ.ኤ.አ. ስማቸው እስከ መቀየር ደርሷል። ከሰው ሴል የተነበበ ጥሬ የአርኤንኤ መረጃ ለጋሹን ሊያሳውቅ ስለሚችል በኢጂኤ ወይም በዲቢጋፕ (በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ የጂን መረጃ ማከማቻዎች) በቁጥጥር ይቀመጥ፤ ክፍት ቦታ የሚወጣው የተቆጠረው ሠንጠረዥ ነው፣ እሱም ፈቃዱ ከፈቀደ።

የደራሲ ቅደም ተከተል የመጀመሪያው ውጤት ሳይወጣ ይጻፍ። ክሬዲት የሚባለውን የ14 የሥራ ድርሻ ዝርዝር ውሰዱና ከእያንዳንዱ ጎን ስም ሙሉ። መስመሩን የሠራው ወገን ስም ይግባ ወይስ ምስጋና ይበቃዋል የሚለውን በግልጽ ተነጋገሩ።

ውጤቱ አሁንም ካልገጠመ

ከርካሹ ወደ ውዱ ሂዱ። መጀመሪያ በሁለቱም ቦታ ማይኮፕላዝማ። ቀጥሎ ኤስቲአር፤ ብልቃጥ መቀላቀል ከሚታሰበው በላይ ይደርሳል። ከዚያ 20ኪው11.21 እና የፓሴጅ ቁጥር፤ አንዱ ወገን ከሌላው 15 ፓሴጅ ርቆ ከሆነ ሁለቱም ከባንኩ አዲስ ብልቃጥ ያቅልጡ። ከዚያ የማትሪጄልና የሚዲየም ሎቶች።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ሰው ላኩ። ሙከራው የሚሠራለት ሰው የራሱን ፒፔት ሳይዝ ሄዶ፣ በዚያኛው ቤተ ሙከራ ዕቃና ሚዲየም፣ ከዚያው ሰው ጎን ቆሞ ያንኑ ዙር ይሥራ። በእሱ እጅ ከሠራ ክፍተቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው፤ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አስተያዩ። በእሱም እጅ ካልሠራ ክፍሉን መርምሩ፦ ውሃውን፣ ኢንኩቤተሩን፣ የፕላስቲክ ሳህኖቹን።